የብጁ ዊንዶስ ኤክስፒ ጭነቶች ብልሽት እና የቅድመ ዩኒኮድ የአማርኛ ሰነዶች፦ የምርመራና የመፍትሔ ቅደም ተከተል

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በቋንቋ ጥናት ክፍሎች፣ በቤተ መዛግብትና በማተሚያ ቤቶች እስካሁን ተጠብቀው የሚገኙ በዊንዶስ ኤክስፒ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ሲበላሹ የብልሽቱን ምክንያት ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ያብራራል። ትኩረቱ አምራቹ እንዳወጣው ባልተጫነ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተቀንሰው፣ ተጨምረው ወይም ተለውጠው በተዘጋጀ “ብጁ” ጭነት ላይ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብልሽቱ በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ እንደታየ መለየት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ምርመራ ያቃልላል። ሁለተኛ፣ ጥገናው የሚያድነው ማሽኑን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ጽሑፍ በመሆኑ ምንም ዓይነት ሙከራ ከመደረጉ በፊት ዲስኩ መቀዳት አለበት።

1. መግቢያ

ዊንዶስ ኤክስፒ ለገበያ የቀረበው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2001) ሲሆን፣ አምራቹ ለስርዓቱ ይሰጥ የነበረው አጠቃላይ ድጋፍ ያበቃው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014) ነው። ይህን ያህል ጊዜ ያለፈበት ስርዓተ ክወና ዛሬ ለምን ያነጋግራል ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በፊደላችን የኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ሆኖም ዊንዶስ ኤክስፒ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። ኒያላ የተባለው ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ ገበታ ከስርዓቱ ጋር አብረው የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ በተሸጠው ዊንዶስ ቪስታ ነው። በመሆኑም በዘጠናዎቹ እና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት የተጻፉ እጅግ ብዙ የአማርኛ፣ የትግርኛና የግዕዝ ሥራዎች የተዘጋጁት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች፣ ለላቲን ፊደል በተመደቡ የኮድ ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጽ በማስቀመጥ ነበር። አንድ የስምንት ቢት ፎንት ከ256 የማይበልጡ ቦታዎች አሉት፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዙ ናቸው። የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ግን ለኢትዮጵያ ፊደል ብቻ ከ340 በላይ ምልክቶችን መድቧል። ስለዚህ አንዳንዶቹ አዘጋጆች ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለያይተው በማስቀመጥ አንዱን ሆሄ ከሁለት ምልክቶች አቀናበሩት። የአንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከዚህ የተነሣ አንድ መዝገበ ቃላት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሊነበብ የሚችለው የተጻፈበት ፎንት፣ አንዳንድ ጊዜም የተጻፈበት ፕሮግራም፣ ባለበት ማሽን ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

2. የብጁ ጭነት ምንነት

ዊንዶስ ኤክስፒ በትንሹ 64 ሜጋባይት የማስታወሻ መጠንና 1.5 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል። በተግባር ግን በዚህ መጠን ሲሠራ እጅግ ይዘገያል። አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ለማፍጠን፣ የጎደሉ ድራይቨሮችን ለማሟላት ወይም ብዙ ማሽኖችን በአንድ ዓይነት መልክ ለመጫን ሲባል የጭነት ዲስኩን ማሻሻል የተለመደ ሆነ። ለዚህም በስፋት ያገለገለው ኤንላይት የተባለው ፕሮግራም ነው። በጭነት ዲስክ ላይ የሚደረጉት ለውጦች በአምስት ይመደባሉ፦

ሀ) ሰርቪስ ፓክንና የደኅንነት ማስተካከያዎችን ከዲስኩ ጋር ማዋሐድ፤
ለ) የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ የኔትወርክና የመሳሰሉትን ድራይቨሮች መጨመር፤
ሐ) አያስፈልጉም የተባሉ ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ቋንቋዎችን፣ የቁልፍ ገበታዎችንና የኅትመት አገልግሎትን መቀነስ፤
መ) የስርዓቱን ፋይሎች መለወጥ፣ ለምሳሌ በአምራቹ ያልተፈቀደ የገጽታ ንድፍ እንዲሠራ ማድረግ፤
ሠ) ጫኙ ለሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሰርቪስ ፓኩ መቅደም አለበት፤ ማስተካከያዎችና ድራይቨሮች ይከተላሉ፤ መቀነስ የመጨረሻው ነው። አንድ ጊዜ ክፍሎቹ በተቀነሱበት ዲስክ ላይ ሰርቪስ ፓክ ለማዋሐድ የሚሞክር ሰው፣ ማዋሐጃው የሚፈልጋቸውን ፋይሎች ስለማያገኝ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ስርዓት ያገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ሙከራ ከዚህ ቀደም ከተሻሻለው ሳይሆን ካልተነካው ዲስክ ቅጂ መጀመር ይኖርበታል።

ለመርማሪው ትልቁ ጥያቄ “ምን ተለወጠ?” የሚለው ነው። በኤንላይት የተዘጋጀ የጭነት ዲስክ ብዙውን ጊዜ “ላስት ሴሽን” የሚል ስም ያላቸውን ፋይሎች ይይዛል፤ እነዚህ የተመረጡትን ለውጦች በዝርዝር ያሳያሉ። አስቀድሞ የተዘጋጁት መልሶች ደግሞ ዋናዎቹ የጭነት ፋይሎች ባሉበት አቃፊ ውስጥ በመልስ ፋይሉ ላይ ይገኛሉ። ይህ ፋይል የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ጭምር ሊይዝ ስለሚችል ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት መታየት አለበት። አዘጋጁ ያልታወቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ ብጁ ዲስክ ከሆነ ግን ዝርዝሩ ቢገኝ እንኳ በውስጡ ሌላ ምን እንደተጨመረ ማረጋገጥ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ዲስክ ለጥገና ከመጠቀም ሕጋዊ ከሆነው ዋና ዲስክ አዲስ ማዘጋጀት ይሻላል።

3. ከጥገና በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

የተበላሸው ማሽን ዲስክ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በንባብ ብቻ ተከፍቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘርፍ መቀዳት አለበት። ፋይሎችን ብቻ መገልበጥ አይበቃም፤ የተሰወሩ ቅንብሮች፣ የተጫኑ ፎንቶችና በሬጂስትሪ ውስጥ የተመዘገቡ ፈቃዶች ይቀራሉና። ከቅጂው ሁለት ይዘጋጃል፤ አንዱ ሳይነካ ይቀመጣል፣ በሌላው ላይ ሙከራ ይደረጋል።

ሙከራው በተቻለ መጠን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቢካሄድ ይመረጣል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት የማሽኑን ሁኔታ መዝግቦ ማቆየትና ካልተሳካ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ከጎኑም ምንም ያልተለወጠ፣ ተመሳሳይ ሰርቪስ ፓክ ያለው ሌላ ኤክስፒ ቢጫን ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል፤ በብጁው የጠፋ ነገር በዚህኛው ካለ ምክንያቱ ብጁነቱ ነው፣ በሁለቱም ላይ ከጠፋ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ኤክስፒ የደኅንነት ማስተካከያ የማያገኝ ስርዓት ስለሆነ ሁለቱም ማሽኖች ከኢንተርኔት ተለይተው መቆየት አለባቸው። ዲስኩ ወደ አዲስ ሃርድዌር ሲዛወር ስርዓቱ የፈቃድ ማረጋገጫ እንደገና ሊጠይቅ እንደሚችልም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

4. ብልሽቱን በደረጃ መለየት

4.1 ስርዓቱ ከመነሣቱ በፊት

ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ባዮስ ዲስኩን ያነባል፤ ከዚያም ኤንቲኤልዲአር የተባለው ፋይል ሥራውን ይረከባል፤ እርሱም የስርዓቱን አድራሻ ከቡት ዶት አይኤንአይ ፋይል ያነባል። ኤንቲኤልዲአር ጠፍቷል የሚለው መልእክት በቅድሚያ ማሽኑ ከተሳሳተ ዲስክ ለመነሣት እየሞከረ እንደሆነ ሊያመለክት ይችላል። ስለሆነም በመጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ወይም ፍሎፒ መንቀልና በባዮስ ውስጥ የዲስኮችን ቅደም ተከተል ማየት ይገባል። ይህ ካልፈታው ፋይሉ ከዋናው ዲስክ በማገገሚያ ኮንሶል አማካይነት ሊገለበጥ ይችላል።

ኤችኤኤል የተባለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል የሚለው መልእክት ብዙዎችን ያሳስታል። ፋይሉ በቦታው እያለ መልእክቱ ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ቡት ዶት አይኤንአይ የተሳሳተ የዲስክ ክፍል ቁጥር ከያዘ ስርዓቱ በሌለበት ቦታ ይፈለጋል። በሁለት ክፍል ከተከፈለ ዲስክ ወደ አንድ ክፍል የተዛወረ ቅጂ እንዲህ ያለውን ስሕተት በተደጋጋሚ ያሳያል። በማገገሚያ ኮንሶል ውስጥ ቡት ሲኤፍጂ የተባለው ትእዛዝ የስርዓቱን አድራሻ እንደገና ፈልጎ ይመዘግባል።

4.2 ሰማያዊው ገጽና የስሕተት ቁጥር 7ቢ

በብጁ ጭነቶችም ሆነ በተዛወሩ ዲስኮች ላይ ጎልቶ የሚታየው ብልሽት በ7ቢ የሚያበቃው የስሕተት ቁጥር ነው። ትርጉሙ ስርዓቱ የተነሣበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ዲስኩ ካልተገኘ ስርዓቱ እስከዚያ ድረስ እንዴት ደረሰ? መልሱ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ዲስኩ ሲነበብ የነበረው በባዮስ በኩል መሆኑ ነው። የስርዓቱ እምብርት ሥራውን ሲረከብ ግን በራሱ ድራይቨር ማንበብ ይጀምራል። ኤክስፒ ከወጣ በኋላ ለተስፋፋው ኤኤችሲአይ የተባለው የዲስክ አሠራር ደግሞ የራሱ ድራይቨር የለውም።

መፍትሔው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሊሄድ ይገባል። በመጀመሪያ በባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራር ወደ አይዲኢ ይለወጣል፤ በቨርቹዋል ማሽን ከሆነም ዲስኩ በአይዲኢ መቆጣጠሪያ ላይ ይያያዛል። ይህ ካልተቻለ ለመቆጣጠሪያው የሚስማማው ድራይቨር በጭነት ዲስኩ ላይ ይዋሐዳል። እዚህ ላይ ድራይቨሩ በመጀመሪያው የጽሑፍ ደረጃ እንዲጫን ተደርጎ መዋሐድ እንዳለበት መገንዘብ ያስፈልጋል፤ እንደ ተራ ድራይቨር ከተጨመረ የሚጫነው ዲስኩ ከተገኘ በኋላ ስለሆነ አይጠቅምም። የፋይል ስርዓት መበላሸትም ይህንኑ ቁጥር ሊያመጣ ስለሚችል የዲስክ ፍተሻ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይህ ፍተሻ ግን በዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ በሥራ ቅጂው ላይ ብቻ ይደረጋል።

ከዲስክ ጋር የተያያዘ ሌላ አደጋም አለ። ሰርቪስ ፓክ ያልተዋሐደበት የመጀመሪያው ኤክስፒ ከ137 ጊጋባይት በላይ የሆነን ዲስክ በሙሉ መጠኑ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጭነት በትልቅ ዲስክ ላይ ሲሠራ ፋይሎችን ሊያበላሽ ይችላልና በቅድሚያ የሰርቪስ ፓኩን ደረጃ ማረጋገጥ ይገባል።

4.3 ጭነቱ በመካከል ሲቋረጥ

የኤክስፒ ጭነት ሁለት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው፣ ማለትም በጽሑፍ ደረጃው፣ ፋይሎች ወደ ዲስክ ይገለበጣሉ፤ በሁለተኛው፣ ማለትም በምስል ደረጃው፣ ሃርድዌሩ ይለያል፣ ክፍሎቹም ይመዘገባሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ፋይል መገልበጥ አልተቻለም ከተባለ ሦስት ነገሮች ይጠረጠራሉ፦ የሲዲው መቧጨር፣ የማስታወሻው ብልሽት፣ ወይም ፋይሉ ተቀንሶ ሳለ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ መቅረቱ። በየሙከራው የተለያየ ፋይል የሚጠራ ከሆነ ሲዲው ወይም ማስታወሻው ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ፋይል ብቻ ከሆነና የሲዲው ቅጂም ያንኑ ካሳየ ግን ጥፋቱ የማሻሻያው ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ጭነቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዲስኩን አውጥቶ በዊንዶስ አቃፊ ውስጥ ያሉትን የጭነት መዝገቦች ማንበብ ይገባል። ሴትአፕ ኤፒአይ የሚባለው መዝገብ ድራይቨሮች በቅደም ተከተል ሲጫኑ ይመዘግባል። የመጨረሻው መስመር ላይ የተጠቀሰው ድራይቨር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ያንን ብቻ አውጥቶ እንደገና መሞከር፣ ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለውጦ የትኛው እንደረዳ ሳያውቁ ከመቅረት ያድናል።

4.4 ከጭነት በኋላ የሚታዩ ጉድለቶች

ስርዓቱ ተነሥቶ አንድ ፕሮግራም ብቻ አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተቀነሰ ክፍል ነው። በትይዩ ወደብ ላይ በሚሰካ ቁልፍ የሚከፈቱ የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች የወደቡ ድጋፍ ከተቀነሰ አይከፈቱም። በዚህ ጊዜ የስርዓት ፋይሎችን መርምሮ የሚተካው ኤስኤፍሲ የተባለው ትእዛዝ ይታሰባል። በብጁ ጭነት ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትእዛዙ የሚፈልገው ተመሳሳይ ሰርቪስ ፓክ ያለውን ዋና ዲስክ ነው፤ በተጨማሪም ሆን ተብለው የተለወጡትን ፋይሎች እንደተበላሹ ቆጥሮ ይተካቸዋል። ውጤቱ መዳን ወይም ሌላ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል፣ የማሽኑ ሁኔታ ሳይመዘገብ ይህ ትእዛዝ መሰጠት የለበትም።

5. ፊደሉ ሲበላሽ

ለቋንቋ ተመራማሪ ከሁሉ የከፋው ብልሽት ማሽኑ ሳይነሣ መቅረቱ ሳይሆን ተነሥቶ ጽሑፉን በተሳሳተ መልክ ማሳየቱ ነው። ያልተነሣ ማሽን ምንም አያጠፋም፤ ጽሑፉን አዛብቶ የሚያሳይ ማሽን ግን አንድ ጊዜ “አስቀምጥ” በተባለ ቁጥር ስሕተቱን ቋሚ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ የመጀመሪያው እርምጃ ፋይሉን ሳያስቀምጡ መዝጋት ነው።

ባዶ ሣጥኖች። ይህ የሚሆነው ጽሑፉ የዩኒኮድ ሆኖ ፎንቱ ሲጎድል ነው። ጽሑፉ ደኅና ነው፤ እንደ አቢሲኒካ ያለ የዩኒኮድ ፎንት ተጭኖ በፕሮግራሙ ውስጥ ሲመረጥ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ውስብስብ አጻጻፍ ላላቸውና ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተዘጋጁትን ፋይሎች መጫን ነው። የእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ፣ እያንዳንዱ ሆሄም የራሱ ኮድ ያለውና እንደ ጎረቤቱ ፊደል ቅርጹን የማይለውጥ ስለሆነ ለዚህ ችግር ያ መፍትሔ አይደለም።

የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ። ይህ የቅድመ ዩኒኮድ ጽሑፍ ፎንቱን ሲያጣ የሚይዘው መልክ ነው። ጽሑፉ አሁንም ደኅና ነው፤ የሚያስፈልገው የተጻፈበትን ፎንት ማወቅ ነው። በቃላት ማቀናበሪያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ባይኖርም ስሙን ይዞ ስለሚቆይ ጽሑፉ ላይ ጠቁሞ የፎንቱን ስም ማንበብ ይቻላል። ሰነዱን ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ ግን ታላቅ ጥፋት ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀሉበት ሰነድ ውስጥ ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የኮድ ቁጥር ስለሆነ፣ የትኛው ቃል የትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚለየው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ስሙ ከጠፋ መለያው ጠፋ።

ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ የባዕድ ፊደል። ይህ ምልክት በቀጥታ ወደ ብጁ ጭነቱ ያመለክታል። ዩኒኮድ ለማያውቁ ፕሮግራሞች ስርዓቱ አንድ የኮድ ገጽ ይመድባል። የመጀመሪያዎቹ 128 ቁጥሮች በሁሉም ገጾች አንድ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግን ይለያያሉ። ለምሳሌ ቁጥር 200 በምዕራብ አውሮፓው ገጽ (1252) ምልክት የተጨመረበት የላቲን ፊደል ሲሆን፣ በዐረብኛው ገጽ (1256) “ባ”፣ በሩሲያኛው ገጽ (1251) ደግሞ “ኢ” የሚል ድምፅ ያለው ፊደል ነው። ስለዚህ ለዐረብኛ ወይም ለሩሲያኛ ተጠቃሚ ተዘጋጅቶ የነበረ ብጁ ዲስክ የተጫነበት ማሽን፣ ፎንቱ በትክክል ቢጫንም ከፊሉን ሆሄ ያዛባል። ጎልቶ የሚጎዳው የተራ ጽሑፍ ፋይሎችንና የአሮጌ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞችን ነው። መፍትሔው በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው የአካባቢና የቋንቋ ምርጫ ውስጥ ገብቶ፣ ዩኒኮድ ለማይጠቀሙ ፕሮግራሞች የተመደበውን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መለወጥና ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ነው። ክፍሉ ከዲስኩ ተቀንሶ ከሆነ ምርጫው ላይገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰነዱን ባልተቀነሰው ማነጻጸሪያ ማሽን ላይ መክፈት ይቀላል።

የጥያቄ ምልክቶች ተርታ። ይህ የሚሆነው የዩኒኮድ ጽሑፍ ዩኒኮድ በማያውቅ ፕሮግራም ሲከፈት ወይም በአሮጌው የኮድ ገጽ ሲቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ፋይሉ ሳይቀመጥ ከተዘጋ ጽሑፉ ይተርፋል። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ሆሄ በእውነት በጥያቄ ምልክት ተተክቷልና ከዚያ ፋይል ሊመለስ አይችልም። ሌላ ቅጂ መፈለግ ብቻ ይቀራል።

ሲታረም የሚለወጥ ጽሑፍ። በቅድመ ዩኒኮድ ፎንት ቁጥር 97 አንድ ሆሄ፣ ቁጥር 65 ሌላ ሆሄ ሊሆን ይችላል። ለቃላት ማቀናበሪያው ግን እነዚህ የአንድ የላቲን ፊደል ትንሹና ትልቁ ናቸው። ራስ ሰር ማረሚያው የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን ትልቅ ፊደል ሲያደርግ ሆሄውን በሌላ ይተካል፤ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣው ሲለውጥም እንዲሁ። አዲስ የተጫነ ማሽን ይህን ማረሚያ ክፍት አድርጎ ስለሚጀምር፣ ሰነድ ከመታረሙ በፊት ማረሚያው መዘጋት አለበት።

የገጽ መዛነፍ። የቃላት ማቀናበሪያው የመስመርና የገጽ ስፋትን ሲያሰላ የተመረጠውን አታሚ ይመለከታል። የኅትመት አገልግሎቱ ተቀንሶ ከሆነ ወይም አታሚው ከተለወጠ መስመሮች ይሸጋሸጋሉ፤ የገጽ ቁጥሮችም ይለወጣሉ። በገጽ ቁጥር የተጠቀሰ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የብጁ ጭነት ምርመራ በሦስት ጥያቄዎች ይመራል፦ ብልሽቱ በየትኛው ደረጃ ታየ? በዚያ ደረጃ ላይ ሥራ የሚሠራው የትኛው ክፍል ነው? ያ ክፍል በማሻሻያው ተነክቷል ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የለውጦች ዝርዝርና ያልተነካ ማነጻጸሪያ ማሽን ያስፈልጋሉ።

ይሁንና ማሽኑ ሲድን ሥራው አላለቀም። የተመለሰው ዕድሜ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ለማሻገር የተሰጠ ጊዜ ተደርጎ መወሰድ አለበት። የሚያስፈልጉትም አራት ነገሮች ናቸው፦ የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ መቀመጡ፤ የተጻፈበት ፎንት ከስሙና ከእትሙ ጋር አብሮ መቀመጡ፤ እያንዳንዱ ሰነድ በትክክል በሚታይበት ማሽን ላይ ታትሞ ወይም በምስል ተይዞ መገኘቱ፤ በመጨረሻም ለዚያ ፎንት በተዘጋጀ ሠንጠረዥ የተለወጠው የዩኒኮድ ጽሑፍ ከምስሉ ጋር ሆሄ በሆሄ መነጻጸሩ። በተለይ እንደ “ሀ” እና “ኀ”፣ “ሰ” እና “ሠ” ያሉ ሞክሼ ሆሄያት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ፤ ሠንጠረዡ ሲሳሳት ቃሉ ሳይፈርስ ስለሚቀር ስሕተቱ ከአንባቢ ዓይን ይሰወራል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ አሮጌው ማሽን ቢያርፍ በውስጡ የነበረው ጽሑፍ አብሮት አይጠፋም።